ታርጋዬን የሚጽፉት አባት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

አራተኛው መስመር ዛሬም እምቢ አለ። ሦስቱ ቁጭ ብለዋል፣ አራተኛው የለም። ሦስት እግር ባለው አልጋ ላይ ማን ይተኛል?

አጀንዳዬ፣ እስካሁን ያለውን ላሳይሽ፦

አባቷ በር ላይ ቆመዋል፣ ደብተር ይዘው እስክሪብቶ፤
ታርጋዬን ጻፉት እንጂ ልቤንማ ማን አይቶ።
ከአትላስ እስከ ሲኤምሲ ልቤን ይዛ መጣች፤
. . . . . . . .

የጠዋቱ ሙከራዎች፦ «ሞባይሏን ዘጋች»። «ሽሮ በልታ ተኛች»። ሁለቱም ቤት ይመታሉ፣ ሁለቱም ያሳፍራሉ። ዘፋኙ ቢኒ «ቤቢ ባይ አለች» ይሁን ይላል። ቢኒ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ድምፁ ማር ነው፤ ከጉሮሮው በላይ ያለው ክፍል ግን የሚከራይ ነው። ለጊዜው «ላ ላ ላ» ብሎ ቀዳው።

ስቱዲዮዬ አትላስ ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል ናት። ግድግዳውን በስፖንጅ ለብጬዋለሁ፤ የጎረቤት ውሻ ግን አሁንም በሁሉም ዘፈኖቼ ላይ ይሳተፋል።

የመጨረሻው የታወቀ ዘፈኔ ከወጣ ሰባት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የቀለም ማስታወቂያ፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት መዝሙር። ሰው ሲያስተዋውቀኝ «ያ የሳሙናው» ይላል። ይሄኛው ግን ሳሙና አይደለም። አውቃለሁ። ዜማው ሲመጣልኝ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆሟል፤ ለሳሙና ቆሞ አያውቅም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬም ተጻፍኩ።

እንደ ወትሮው ሜሮንን ቦሌ ከመሥሪያ ቤቷ ወስጄ ሲኤምሲ በራቸው ላይ አወረድኳት። 12፡40። አባቷ ጋሽ አሰፋ (ከዚህ በኋላ ጋ/አ፤ እስክሪብቶ ልቆጥብ) በር ላይ ቆመዋል። ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ደብተር። ወደ መኪናዬ ኋላ ዞሩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ታርጋዬን ጻፉ። ከዚያ በመስኮቴ በኩል፣ እግዜር ይስጥልኝ ሹፌር፣ ቀስ ብለህ ሂድ።

ሹፌር! ስምንት ወር ሙሉ በስልክ የምጠራ ታክሲ ነኝ። የሜሮን ሐሳብ ነው። አባቷ ዘንድ «ጓደኛዬ» የሚባል ወንድ የለም፤ ወንድ በዚያ በር የሚያልፈው ወይ ቧንቧ ሊጠግን ነው፣ ወይ ሽማግሌ ልኮ ነው። እናም ሽማግሌ እስክልክ ሹፌር ሁን ተባልኩ። ከኋላ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ማታ ሂሳብ እንደሚቀበል ሰው እጄን ዘረጋሁ፤ ከረሜላ አስቀመጠችልኝ። የኪነ ጥበብ ሰው እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም።

ጋ/አ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ዓመት በትራንስፖርት መ/ቤት ታርጋ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ልማድ ነው ትላለች ሜሮን። እኔ ሱስ ነው እላለሁ። ዘፈኑም የተወለደው ከዚሁ ነው። አንድ ማታ ተጽፌ፣ ተናድጄ፣ አያት ኮንዶሚኒየሜ እስክደርስ መሪውን እየደበደብኩ ዜማውን ጨረስኩት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሁለት ትልልቅ ነገሮች።

አንደኛ፣ ሽማግሌ ተሟላ። አጎቴ ታደሰ፣ የዕድራችን ዳኛና ጋሽ ይመር። ጋሽ ይመር ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ቅቤ ነው፣ የተኳረፈ ባልና ሚስት ስኳር ሊገዛ ገብቶ ታርቆ ይወጣል። እሺ አሉኝ። «አብሽር፣ መልስ ባይሰጡን እንኳ ምሳ በልተን እንመጣለን።» ተጽናናሁ ለማለት ይቸግረኛል። የሚሄዱት ጥቅምት 23 ነው።

ሁለተኛ፣ ሜሮን ዘፈኑን ሰማች። ስቱዲዮ አስቀምጬ ከፈትኩላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠረገች። ይሄ እኮ አባዬ ነው አለች። ደብተር ይዞ በር ላይ የሚቆም ሌላ አባት በሲኤምሲ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ይሄ ዘፈን ከወጣ ሽማግሌዎቹ ከበር ይመለሳሉ። እሷም አባቷን አዋርዳ አታገባኝም፤ ይሄን ረጋ ብላ ነው ያለችው፣ ስትረጋ ደግሞ ቀልድ የለም።

ማልኩላት። መልስ እስኪገኝ ዘፈኑ አይወጣም፣ አልወደዱትም ከተባለ ጭራሽ አይወጣም። ዘፈን ሌላ ይመጣል፣ ሜሮን ግን አንድ ናት።

(ይሄን ስጽፍ ትንሽ ዋሽቻለሁ። ሌላ ዘፈን እንደማይመጣ ሰባት ዓመት አይቻለሁ። ቢሆንም ማልኩ።)

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ቢኒን እገድለዋለሁ።

ሠላሳ ሰከንድ ቲክቶክ ላይ ለጠፈ። ሰው እንዴት እንደሚቀበለው ልይ ብዬ ነው ይላል፣ በዚያ ማር ድምፁ። የለጠፈው ደግሞ አዝማቹንና ከሱ ቀጥሎ ያለችውን፣ ዜማው ቆም ሲል እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታርጋ የሚያነብባትን።

አጀንዳዬ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ያቺ ታርጋ የኔ ናት። ከነኮዱ፣ ሙሉ ቁጥሩ። ለመለማመጃ በራሴ ድምፅ ስቀዳ ቁጥር አስፈለገኝ፤ ከአፌ የወጣው የራሴ መኪና ነበር፣ ከምቱም ጋር ልክክ አለ። በኋላ እቀይረዋለሁ አልኩ። ስቱዲዮ ውስጥ «በኋላ» የሚባል ሰዓት የለም፤ ቢኒም እንዳለ አጠናው። (ቁጥሩን እዚህ አልደግመውም። አንዴ ተናግሬው የሆነውን እያየሁ ነው።)

አስጠፋሁት። የቆየው አራት ሰዓት ብቻ ነው። አራት ሰዓት ምንም አይደለም። ምንም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ምንም አይደለም ያልኩት እኔ ነኝ?

ሰው አውርዶ አውርዶ በትኖታል። ጨዋታ ሆኗል፦ አንዱ በር ላይ ደብተር ይዞ ይቆማል፣ መኪና ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ እስክስታ። መገናኛ ላይ የታክሲ ረዳቱ «ታርጋዬን ጻፉት» እያለ ነው የሚጭነው። «ላ ላ ላ» ላይ ሲደርሱ ሁሉም የየራሱን ይጨምርበታል፤ የአንዳንዱን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። እማዬ ደወለች። ያንተ ነው ወይ? አዎ። ከሳሙናው ይሻላል አለች።

ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ይሄ ነበር። መጣ። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኝቻለሁ። ሜሮን ስልክ አታነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ምን ያደርግልኛል ይሄ ሁሉ ጭብጨባ?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

አነሳች። ባታነሳ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ጋ/አ ዘፈኑን ከጎረቤት ልጅ ስልክ ሰሙት። አስደገሙት። አሰለሱት። ከዚያ ደብተራቸውን አመጡ፣ መነጽር አደረጉ፣ ገጽ ገለጡ፣ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። ዘጉት። እራት ቀረበ።

አልተቆጡም ወይ? አልኳት። ጎመን አስጨመሩ አለች።

እግዚኦ! የተቆጣ ሰው ይለመናል። ጎመን የሚያስጨምር ሰው ምን ይደረጋል?

ቢኒ ያለ እኔ ፈቃድ እንደለጠፈው አስረዳኋት። አምናኛለች መሰለኝ፤ ታርጋውን ግን ቢኒ አልጻፈውም አለች። እውነቷን ነው። የሽማግሌው ነገር ይቅር ልል ጋሽ ይመር ሱቅ ወረድኩ። «ያበጠው ይፈንዳ» አሉኝ፣ «እኔ ኮቴን አሳጥቤያለሁ።»

ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ተመለሱ። ሦስቱም በሕይወት አሉ።

እንደ ደንቡ ቁጭ በሉ እስኪባሉ ቆመው ለመኑ። ቁጭ በሉ ተባሉ። አጎቴ ዘር ማንዘሬን ዘረዘረ፣ ሰላም ነው። ሥራውስ ምንድነው? ሲባል አጎቴን ሳል ያዘው። የዕድሩ ዳኛ «የድምፅ ባለሙያ» አለ፣ ለቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ የምተክል አስመስሎ። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ጋሽ ይመር ግን ኩራት አላስችል አላቸው። «ይቺ ሰሞኑን አገር ያናወጠች ዘፈን የማን መሰለችዎ!»

ቅቤ ምላስ። ቅቤ ደግሞ ይቀልጣል።

የጋ/አ መልስ፦ ልጁን አውቀዋለሁ፣ ሹፌሩ ነው። ቅዳሜ ራሱ ይምጣ። ከነመኪናው፣ ከነመንጃ ፈቃዱ።

ሽማግሌዎቼ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም። መንጃ ፈቃድ ለጥሎሽ ይሁን ለማስረጃ አልገባቸውም። ምሳ ግን በልተዋል።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ ረጅም ነው፣ ታገሺኝ።

መኪናዋን አሳጥቤ 4 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጋ/አ መንጃ ፈቃዴን አይተው መለሱልኝ። መኪናዋን ዞሩ። ፍሬቻ አብራ። አበራሁ። ፍሬን ርገጥ። ረገጥኩ። የኋላ ጎማዬን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። ይሄ አልቋል፣ ቀይረው። ከዚያ፣ ግባ አሉኝ።

ሳሎን። ሜሮን ጓዳ ናት፤ ትንፋሿ እስከ ሳሎን ይሰማል። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ።

«ለመሆኑ» አሉኝ፣ «ኮድ ሁለት መኪና ሰው ጭኖ ሲሠራ የት አይተሃል?»

አጀንዳዬ፣ ኮድ ሁለት የግል መኪና ታርጋ ነው። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ታርጋ የመዘገበ ሰው አያውቅም ብለን ስምንት ወር ያመንን ሁለት ብልጦች እኔና ሜሮን ነን። ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሹፌር የሚሉኝ ለጨዋታ ነው። ከረሜላዋንም አይተዋል። እኔ በሳቸው አንድ ዘፈን ዘፈንኩ፤ እሳቸው በኔ ስምንት ወር ሲስቁ ከርመዋል።

ከዚያ ደብተሩን ወደኔ አዞሩት። አራት ዓምድ በማስመሪያ ተሰምሯል። ቀን። ሰዓት። ታርጋ። ምርመራ። ከ«ምርመራ» ሥር በየመስመሩ አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፦ በሰላም ገባች። በሰላም ገባች። ገለጥኩ። በሰላም ገባች። የዩኒቨርሲቲ ጊዜዋ፣ የትምህርት ቤት ሰርቪሷ፣ ዓመታት ወደኋላ። የኔ ታርጋ መጀመሪያ በተጻፈበት ቀን ጎን፣ በትናንሽ ፊደል አንድ ጭማሪ አለ፦ ይሄኛው ቀስ ብሎ ይነዳል።

ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሜሮን ሰባተኛ ክፍል ሳለች እናቷ አንድ ጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ወጣች። አደጋ ደረሰ። በየትኛው መኪና እንደሄደች ያየ ስላልነበረ ያለችበትን ሆስፒታል ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀ። ሲያገኟት አልፋ ነበር። የአገሩን ታርጋ ሁሉ የምመዘግብ ሰው የሚስቴን አላውቅም ነበር አሉ። ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉትም።

እናቷ በአደጋ እንደሞተች አውቃለሁ። ሁለቱን ቀን አላውቅም ነበር። አፈርኩ፣ አጀንዳዬ። ሰውዬው በር ላይ የቆሙት ለኔ አልነበረም። ዘፈኑን አጠፋዋለሁ አልኳቸው፤ ከልቤ ነው ያልኩት፣ ከመሐላዬ ይልቅ ከልቤ።

ለምን ታጠፋዋለህ፣ ደህና ነው አሉ። ቁጥሩን ብቻ አውጣ፤ የሰው ታርጋ በአደባባይ አይነበብም። ደግሞ ያ ላ ላ ላ ምንድነው? ቃል አልቆብህ ነው?

አዎ፣ አልቆብኝ ነው አልኩ። ዓይኔ ግን ምርመራው ላይ ነበር።

ሕዳር 1፣ ሰኞ

ቀዳነው።

ከአትላስ እስከ ሲኤምሲ ልቤን ይዛ መጣች፤
ጻፉት አባባ ጻፉት፣ በሰላም ገባች።

ታሪኩን ለቢኒ ነገርኩት። ማይክራፎኑ ፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ ጀመረ፣ ሦስት ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። ከጉሮሮው በላይ ያለው ክፍል ሰው አለበት ማለት ነው፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በአራተኛው ዘፈነው። ውሻው እንኳ ዝም ብሎ ሰማ።

ውሳኔ፦ የግጥም ደራሲ በሚለው ቦታ ሁለት ስም ይገባል። ለጋ/አ ደውዬ አስፈቀድኩ። ስሜ ከነአያቴ ይሁን፣ ፊደል እንዳትሳሳት አሉኝ። ስለ ልጃቸው ምንም አላሉም። ጋሽ ይመር መልስ እየጠበቁ ኮታቸውን በየቀኑ ይተኩሳሉ፤ ሊያቃጥሉት ነው።

ሕዳር 5፣ ዓርብ፣ 12፡50

በራቸው ላይ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሜሮንን አደረስኩ። ዛሬ ከፊት ነው የተቀመጠችው። ጋ/አ በር ላይ ቆመዋል። ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ደብተር። ጎማዬን አዩ (ቀይሬዋለሁ)። ጎንበስ ሲሉ ጠበቅሁ። አላሉም። በመስኮቴ በኩል ደብተሩን ሰጡኝ፣ ከነእስክሪብቶው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጻፍ አሉ። ጽፈህ ስትጨርስ መኪናህን ቆልፈህ ግባ፣ እራት ይበርዳል።

ሜሮን በሩን ይዛ ቆማለች። ትስቅ ይሁን ታለቅስ ከዚህ አይታየኝም። እኔ አለቅሳለሁ፤ ይሄ ይታያል።

አጀንዳዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ሌላ ደብተር ተሰጥቶኛል። እንዳልሳሳት መጀመሪያ አንቺ ላይ ልለማመደው።

ቀን፦ ሕዳር 5። ሰዓት፦ 12፡40። ታርጋ፦ የኔው።

ምርመራ፦ በሰላም ገባች። ሹፌሩም ገባ።