እስከ ወገብ የተቀባው ግድግዳ

ልጄ፣ የረገጥከው መሬት ይጽናልህ። እኛ ደህና ነን። (የምጽፈው እኔ ታናሽ እህትህ ነኝ፤ እማዬ እየነገረችኝ። “ደህና ነን” ትበል እንጂ የቤቱ ፎቶ ከደረሰ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።)

ልትገዛው ያሰብከው ቤት ወንዝ ዳር ነው። ግድግዳው ደግሞ አዲስ ቀለም የተቀባው እስከ ወገብ ብቻ ነው። እኛስ ጎርፍ የገባብን ጊዜ የውሃው ምልክት እንዳይታይ እንዲሁ አልነበር የቀባነው? (ከዚያ ወዲህ ደመና ባየች ቁጥር ፍራሹን ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅላለች፤ አባዬንም ልትሰቅለው ምንም አልቀራት።)

ጎረቤቶቹን ጠይቅ። ኢንሹራንሱም ጎርፍን ይሸፍን እንደሆነ አጣራ፤ የእኛ የሚሸፍነው እሳትን ብቻ ነበር። ፈጣሪ ከሁለቱም ይሰውርህ። እባክህ፣ ሳትፈርም ደውልልኝ።

(ስስቅባት ነበር፤ ፎቶውን ደግሜ ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። ወንድሜ፣ ደውል።)