ለቡልቻ ግራ እግር የሰጠሁት ሁለት ነጥብ

ለክቡር አቶ ተስፋሚካኤል
የደቡብ በር እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበርና የማልያ ፍቅር መመዘኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ፣ በተለይም ጉሮሮዎ እንዴት እንደከረመ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ ስለ ማልያ ፍቅር አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ውኃ እንኳ ሳይጎነጩ ሲናገሩ ከሰማሁ ወዲህ ለጉሮሮዎ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም። አምላክ ድምፅዎን ያቆይልን፤ እርስዎ ዝም ካሉ በዚህ ክፍለ ከተማ ማን ኳስ እንደሚወድ፣ ማን ደግሞ ብር እንደሚወድ ለይቶ የሚነግረን ሰው አይኖርም።

እርስዎ በሚገባ ቢያውቁኝም ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለሌላው አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ዘካሪያስ እባላለሁ። በወጣትነቴ አቃቂ በሰቃ በነበረ የክር ፋብሪካ ቡድን የግራ መስመር ተጫዋች ነበርኩ፤ ዛሬ ቂሊንጦ በሚገኝ ሌላ ፋብሪካ በፈረቃ ማሽን እጠግናለሁ። ቡድናችን ዋንጫ ባነሣበት ዓመት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ብርድ ልብስ ተሰጥቶን ነበር፤ ከዚያ ሌላ ከኳስ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የቀኝ ጉልበቴ ሕመም ነው። እርስዎም ይህንን አይተው «በፍቅር ብቻ የተጫወተ አንጋፋ» የሚል ማዕረግ ሰጥተው ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ አደረጉኝ። ሳይከፈለው የቀረ ሰው ሁሉ በፍቅር እንደሠራ የሚቆጠር መሆኑን ስላስተማሩኝ እጅ እነሣለሁ።

በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ለአንድ ተጫዋች የሰጠሁት ነጥብ እንዲነሣልኝ በፖስታ አሽጌ ያስገባሁት ማመልከቻ «አንዴ የተሰጠ ነጥብ የማኅበሩ ንብረት በመሆኑ ሊነሣ አይችልም» የሚል ባለማኅተም መልስ ስላገኘ ነው። ማኅበራችን ቁጥር ስለሚወድ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቅጹ። የክለባችን አምበል የሃያ ሦስት ዓመቱ ቡልቻ፣ ሌላ ከተማ ያለ ክለብ በሦስት እጥፍ ደሞዝ ሊያስፈርመው መሆኑ በተሰማ በሳምንቱ፣ እርስዎ የፍቅሩን መጠን ከአሥር የሚለካ ቅጽ አዘጋጅተው አደሉን። ተጫዋቹ አርማውን ሲስም ዓይኑን ይጨፍናል ወይ? ክለቡ በተሸነፈ ዕለት ራት ይበላል ወይ? ደሞዝ ሲዘገይ ፊቱ ይጠቁራል ወይ? በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ባለቤቴ በዚህ ቅጽ ብትመዝነኝ ኖሮ ከሦስት በላይ አላገኝም ነበር፤ በተለይ ራቱ ላይ እወድቃለሁ። እንዲህ ያለ ረቂቅ መሣሪያ ስለፈለሰፉልን የኳሱ ዓለም ባለዕዳዎ ነው።

፪ኛ. ስለ ምርመራው። ቡልቻ ልምምዱን ጨርሶ፣ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ መጣና ከፊታችን በተቀመጠችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው «ልጄ፣ ኳስ ነው የምትወደው ወይስ ብር?» አሉት።

«ሁለቱንም ነው፣ ጋሼ» አለ።

«አንዱን ምረጥ!»

«ጋሼ፣ እኔ ቢበዛ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ብጫወት ነው። ጉልበቴ ሲያበቃ ፍቅሬን ማን ይቀጥርልኛል?»

አዳራሹ አጉረመረመ። እርስዎም ወደ እኔ ዞረው «ይኸውና ዘካሪያስ! ሳንቲም ሳይቀበል ጉልበቱን ለማልያ የሰጠ ሰው!» ብለው አስጨበጨቡልኝ። አመስግኜ ልነሣ ስል ያ የሰጠሁት ጉልበት ቋ አለ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ሰምቶት ዞር ብሎ አየኝ። ልጁ እውነቱን መናገሩን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ቁጭ ብዬ እስክሪብቶዬን አነሣሁና ከአሥር ሁለት ሰጠሁት።

፫ኛ. ስለ ውጤቱ አለጣጠፍ። የሰባታችን ድምር ከሰባው ስድስት ብቻ ሆነ። ይህንን ቁጥር በማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ ማውጣትዎ ሳያንስ፣ በሜዳው መግቢያ በር ላይ ከቡልቻ ፎቶ ጋር በትልቁ አሳትመው ማሰቀልዎ ለግልጽነት ያለዎትን ቅንዓት ያሳያል። በቅዳሜው ጨዋታ፣ ለክለባችን በተሰለፈበት የመጨረሻ ዘጠና ደቂቃ፣ ኳስ በነካ ቁጥር ደጋፊው ያፏጭበት ነበር። «ሽያጭ! ሽያጭ!» የሚለውን ዜማ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ለጉሮሮዎ ስል እርስዎ እንዳልሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለት ለአንድ እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳስ ተነጠቅን። ቡልቻ ከተቃራኒው ግብ አካባቢ ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠና፣ አጥቂው ሊመታ እግሩን ሲያነሣ ተንሸራቶ ኳሷን አወጣት። ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ሲነሣ ማንም አላጨበጨበለትም። ከጎኔ የነበረችው የአሥራ አራት ዓመት ልጄ እምነት ብቻ ብድግ ብላ አጨበጨበች፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ አንተ ለምን አታጨበጭብም?» አለችኝ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ስለሆነ ቁጥር አያስፈልገውም።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ቅጹን ስሞላ ስለ ማልያ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ቪትዝ መኪናው ነው። ጫማውን በየሦስት ወሩ ስለመለወጡ ነው። የእኔን ጉልበት እናቴ በቅቤ ስታሸው ኖራ ሳለ ለእሱ ደሞዝ የሚከፈለው አሺ ስለመቀጠሩ ነው። ልጄ የእሱን ፎቶ ከአልጋዋ በላይ ለጥፋለች፤ እኔ ዋንጫ ይዤ የተነሣሁት ግን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቧራ ለብሷል። አንድ ቀን አውጥቼ ባሳያት «ስንት ይከፍሉህ ነበር?» አለችኝ። «ብርድ ልብስ» አልኳት። እስክትስቅ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም። «አይ አባዬ» ብላ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ክቡር ሆይ፣ ከመሳቋ ይልቅ ማዘኗ ነው ያቃጠለኝ፤ ያንን ቃጠሎ ነው በቡልቻ ቅጽ ላይ የጻፍኩት።

ስለዚህ ከጨዋታው በማግስቱ፣ እሑድ፣ ቡልቻ ወደሚኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ሄድኩ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሁለቴ አርፌ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ባዶ ቤት ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ያኔ አዝኜለት እመለስ ነበርና። ሶፋው ግን የሚያምር ነበር። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ሞልቶታል። እሱ እግሩን በረዶ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል፤ ሊነሣልኝ ሲሞክር በእጄ ከለከልኩት።

«ሁለት የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አልኩት፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ዘካሪያስ። ግን ሌሎቹ አንድም ዜሮም ሲሰጡ እርስዎ ሁለት ያደረጉት ለምንድን ነው?»

«ለግራ እግርህ ነው። እሱን መካድ አቃተኝ።»

መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎም ጠየቀኝ። «በእርስዎ ጊዜ አንድ ክለብ መጥቶ የእኔን ያህል እንክፈልህ ቢልዎት ምን ይሉ ነበር?»

ክቡር ሆይ፣ በአዳራሹ ያስጨበጨቡለት አንጋፋ እዚህ ላይ «ለማልያዬ ስል እንቢ እል ነበር» ብሎ ቢመልስ እንዴት ባማረበት! እኔ ግን ቀና ብዬ ያንን ሶፋ አየሁና «ተናግረው ሳይጨርሱ እፈርም ነበር» አልኩት። «ቀንቼብህ ነው ቡልቻ። አሁንም እየቀናሁ ነው።»

እሱም ባልዲው ውስጥ ያለውን እግሩን እያየ «እኔ ትናንት ሲያፏጩብኝ አልቅሻለሁ» አለ። «ለብር ብቻ የሚጫወት ሰው በፉጨት ያለቅሳል እንዴ?» ይቅርታ ጠየቅኩት። «ይቅር ብዬዎታለሁ፤ በሜዳው በር ላይ የተሰቀለውን ግን እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ታየዋለች» አለኝ።

ማመልከቻዬን ያስገባሁት በማግስቱ ሰኞ ነበር፤ የእርስዎ ባለማኅተም መልስ ረቡዕ ደረሰኝ። ቡልቻ ሐሙስ ወደ አዲሱ ክለቡ ተጓዘ። ሐሙስ ከፈረቃ ስወጣ ቀጥታ ወደ ሜዳው ሄጄ፣ በማኅበሩ ንብረት ላይ እጄን በመዘርጋቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ያንን ወረቀት ከነፎቶው አውርጃለሁ። ፎቶውን ልጄ ወስዳዋለች። ቁጥሩን ግን አስቀምጬልዎታለሁ፤ በፈለጉ ጊዜ ልከው ማስወሰድ ይችላሉ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ነጥቤ ከመዝገቡ ሊሰረዝ የማይችል ከሆነ በጎኑ «ሰጪው ቀንቶ ነበር» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልኝ። ሌሎቹ ስድስት አባላት ከጎናቸው ምን እንደሚጻፍ እያንዳንዳቸው ያውቃሉ። ከኮሚቴውም ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ተሰናብቻለሁ።

የሰው ልብ ከአሥር ሲታረም እንዳይ ስላስቻሉኝ፣ በሕመሜ ላይ ስላስጨበጨቡልኝና ድህነቴን በማዕረግ ስላስጌጡልኝ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ማኅተም አብዝቶ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞው የግራ መስመር ተጫዋች፣ የቀድሞው የፍቅር መዛኝ
ዘካሪያስ
ከአቃቂ በሰቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው እሑድ በሚደረገው ስብሰባዎ ላይ ልሰናበት እንኳ መምጣት ስለማልችል ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ የአንጋፋዎች ቡድን በጨዋታ አምስት መቶ ብርና ምሳ ልስጥህ ብሎኝ፣ የማልያውን ቀለም እንኳ ሳልጠይቅ ተስማምቻለሁ። ስለ ፍቅሬም የጠየቀኝ የለም። መግቢያው በነጻ ነውና ቅጽዎን ይዘው ብቅ ይበሉ፤ አርማውን ስስም ዓይኔን እንደምጨፍን ከወዲሁ ቃል እገባለሁ።