ጀርባዬን ሰጥቼ የበላሁት ዓሣ

ውድ ማቲዎስ፣ የሳምሪ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍሁልህ የምለው አጥቼ አይደለም። አፍሬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ከአጥራችን ጀርባ የነበረው የጤፍ ማሳ ቤት ተሠርቶበታል፤ ጭቃውን እየዘለልህ የምትመጣበት መንገድ ጠጠር ለብሶ አሁን ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። ሳምሪ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት፣ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። የዓሣ ማጥመጃ ሣጥንህ ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳለ ነው። አቧራ ስጠርግ እሱን እዘለዋለሁ።

የዛሬ አራት ዓመቱን የፍልሰታ ረቡዕ መቼም አትረሳውም። አንተ ከፋብሪካ ፈረቃህ አርፈሃል፣ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሐይቅ ዳር ውሰደን ብዬ የነዘነዝሁህ እኔው ነኝ። አንተ ሐዋሳ ያደግህ ሰው፣ ዓሣ ከልጅነትህ የጾም ምግብህ ነው። እኔ የዱርቤቴ ልጅ፤ በእኛ ቤት በፍልሰታ የዓሣ ስሙም አይነሣ። ዝናቡ ጋብ ሲል አራት ቆሮሶ ዓሣ አወጣህ። ትሉን መንጠቆው ላይ ስትሰካ ሳምሪ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ሁለቱን ከሰል ላይ ጠበስህና ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ሰዓትህን እያየህ ጠበቅህ። ከእኔ ብሰህ ጾመኛ ሆንህ ብዬ ቀለድሁብህ። ከዚያ ሽታው አሸነፈኝ። ሳምሪ ጠጠር ልትለቅም ስትሄድ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ አንዱን ዓሣ እስከ አጥንቱ ጨረስሁት። ሚጥሚጣው አስነጥሶኝ እንዴት እንደሳቅህብኝ!

ቤት ስንደርስ ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩነሽ ለሱባኤ ከዱርቤቴ መጥታ በራችን ላይ ተቀምጣለች። ስንጋባ አገሩን የማናውቀው ሰው ብላ ያኮረፈችው እሷ ናት። በፌስታል የያዝሃቸውን ሁለት ዓሦች አየችና፣ “በፍልሰታ?” አለች። እኔ የዓሣውን ሽታ ላጠፋ ሎሚ ባሸሁበት እጄ ነጠላዬን እያስተካከልሁ፣ እሱ ነው እንጂ እኔስ እጄንም አላስነካሁ አልሁ። ዞረህ አየኸኝ። “እሷ የለችበትም” አልሃት። ዓሦቹን ለጎረቤት ሰጥተህ ሣጥንህን ሰቀልኸው፤ ከዚያ ወዲያ አላወረድኸውም። አንድ ቀን እንኳ አልወቀስኸኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅሶህ ላይ ደግሞ እትዬ፣ ጾም ባይገድፍ ኖሮ ዕድሜው እንዲህ ባላጠረ ስትል ሰው ሁሉ ሰማ። እኔም ሰማሁ። ፍራሹ ላይ ሆኜ አንተን እያለቀስሁ፣ ስለ አንተ ግን አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ሁለተኛ ካድሁህ፤ ያውም መልስ በማትሰጥበት ጊዜ።

ባለፈው ሳምንት ፍልሰታ ገባ፤ እትዬም እንደ ልማዷ መጣች። ሳምሪ ወንበር ላይ ወጥታ ሣጥንህን አወረደችና ሐይቅ እንሂድ አለችኝ። እትዬ ቀደመችኝ፤ “ተይ ልጄ፣ እሱ ነገር አባትሽንም አልበጀው” አለቻት። ልጅህ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ፣ “እትዬ፣ ያን ቀን እኔም በልቻለሁ። እንሂድ ያልሁትም እኔ ነኝ። እሱ ሸፍኖኝ ነው” አልኋት። እትዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ተነሣች። እስካሁን በደንብ አላናገረችኝም፤ ይሁን።

ሳምሪ ግን ምንም አልገረማትም። ለካ ጠጠር እየለቀመች አይታኝ ኖሯል። በዚያው ቀን አንተ ሣጥኑን ስትሰቅል ያየችውን ነግራህ፣ “ለማንም እንዳትነግሪ፤ ለእናትሽም እንዳየሻት አትንገሪያት፣ ታፍራለች” ብለሃታል። አራት ዓመት ሙሉ ጠበቀችልህ።

እኔ አንተን በሰው ፊት አሳልፌ ስሰጥህ፣ አንተ በገዛ ልጄ ፊት እንኳ እንዳላፍር ጠበቅኸኝ።

ረቡዕ እንሄዳለን። ትሉን እኔ እሰካላታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እንጠብቃለን፤ ከዚያ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ እበላለሁ። ያየኝ ሁሉ ቢጠይቀኝ፣ ባሌ ነው ያስለመደኝ እላለሁ፣ ስምህንም ጠርቼ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ሚስትህ