ጎንበስ ያልክበት ፎቶ

ለኔው አስማረ፣

እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅህ የሚመልስልኝ የለም፤ ስለዚህ ስለ ራሴ ልንገርህ፣ ደህና ነኝ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የመጀመሪያው ክረምት እንዴት ገብቶ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የዘንድሮው ትዝ የሚለኝ ጣራው ስላፈሰሰ ነው፤ በጓዳው በኩል፣ አንተ ሁልጊዜ እጠግነዋለሁ እያልክ የምትተወው ቦታ። ሳፋ ደቅኜበት ከረምኩ።

ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት ይለኛል። ጥንካሬ አይደለም። እግርህ ደንዝዞ ስትነሳ መሬት እንደረገጥክ ታውቃለህ እንጂ አይሰማህም አይደል? እንደዚያ ነኝ። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው እጨምርና ዝም ብዬ እበላዋለሁ። የቀብርህ ዕለት ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እኔ የድንኳኑ ገመድ ላልቷል ብዬ አጥብቁት እያልኩ እዞር ነበር። ታላቅ እህትህ እትዬ ዘውዴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱልኝም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አልረሳም ነበር።

ቤታችን እንዳለ ነው። ፎቶ ቤቱን አከራይቼዋለሁ። ተከራዩ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሲመጣም በስልኩ ቀጭ አድርጎ እዚያው ያትምለታል። ታፔላህን አላወረደም፤ ከስር የራሱን ጨመረበት እንጂ። ከፓርኩ ውስጥ፣ ከጊች መንደር ተነሥተው የወረዱት ሰዎች ከከተማው ዳር ቤት ሠርተው ተቀምጠዋል። ገብስ ሲያመርቱ የኖሩ ሰዎች ደባርቅ ገበያ ቆመው ገብስ ሲገዙ አያለሁ፣ ምን ብዬ ሰላም እንደምላቸው ይጠፋኛል። ልጃችን ትዕግሥት ዳባት ጤና ጣቢያ ተመድባለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ በሚኒባስ ትመጣና ልብሴን አጥባልኝ ትመለሳለች። አንተ ሰው ስታነሳ ከወንበሩ ኋላ ትዘረጋው የነበረውን ጥቁር መጋረጃ ብርድ ሲበረታ ከብርድ ልብሱ በላይ እደርበዋለሁ። አትቀየመኝ፣ ይሞቃል።

የጻፍኩልህ ግን በፎቶ ጉዳይ ነው። የመቃብርህ ሐውልት ጎንደር ተሠርቶ አልቋል ማለት ይቻላል። የሚቀረው ፎቶህ ነው። ጠራቢው ላኩልኝና ድንጋዩ ላይ ላስገባው ካለ ቆየ፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና መሄድ አለበት፤ አለዚያ ለሙት ዓመትህ አይደርስም።

የአገሩን ሰው ሁሉ ስታነሳ ኖረህ ያንተ ፎቶ ጠፋ። ከዳባት እስከ ጃናሞራ በየለቅሶው ከፍ ተደርጎ የሚያዘው የሟች ፎቶ ያንተ እጅ ሥራ ነበር። ባንተ ለቅሶ ላይ የያዙት ግን ከመታወቂያህ ተነሥቶ ያደገውን ነው። ለመታወቂያው ያነሳህ ሰው አፍንጫህ ስር ገብቶ ነው ያነሳህ፤ አፍንጫህ ፊትህን ሞልቶት፣ ጆሮዎችህ ወደ ኋላ ሸሽተው። ከጃናሞራ የመጡት ሰዎች ይሄ ደግሞ ማነው ብለው ሲጠያየቁ በጆሮዬ ሰማሁ። እትዬ ዘውዴ ሐውልቱ ላይ ይግባ የሚሉት ይህንኑ ነው። ቢያንስ ዓይኑ ይታያል ይላሉ።

አንተ እንዲህ ያለውን ፎቶ እንዴት ትጠላው እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። መንግሥት በተለወጠ ዓመት ጎንደር ወርደህ ያንን የራሺያ ካሜራ ከሁለት ሌንስ ጋር ይዘህ ስትመጣ፣ አጭሩን ለሠርግና ለማኅበር አደረግከው፣ ለፊት ግን ረጅሙን። ረጅም ስንለው ደግሞ ጡጫ ታክላለች። ፈረንጆቹ ወደ ተራራው ሲያልፉ ክንድ የሚያህል ሌንስ አንጠልጥለው ስታይ፣ እሱ ለዋልያ ነው፣ ለሰው ይቺ ትበቃለች ትል ነበር። ፊት ሲጠጉት ይበላሻል፣ ትንሽ ራቅ ሲሉለት ነው የሚመጣ ብለህ ነበር ያስተማርከኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ስለዚህ ሰውየውን ከውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጠህ አንተ ደጃፉ ላይ፣ ጀርባህን ለመንገዱ ሰጥተህ ትቆማለህ። ከኋላህ የገበያ ሰው ከነአህያው ይተማል። የኔ ሥራ መንገዱን መያዝ ነበር። ስንት አህያ መለስኩልህ አስማረ፣ ስንት ሰው ሰደበኝ።

ሌላው ሥራዬ ፊልም ማጠብ ነበር፤ እዚያ ላይ ነው ያንን ነገር ያየነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሽማግሌዎቹ ፎቶ ሁሉ ይበላሽብን ነበር። የወጣቱ ጥርት ይላል፣ የሽማግሌውና የቄሱ ይደበዝዛል። ዓይናቸው ጉም የገባበት ይመስላል፣ ጆሯቸው ግን ጸጉሩ ሳይቀር ይቆጠራል። አንተ ሌንሱን ጠረጠርክ፣ እኔ የማጠቢያውን መድኃኒት ጠረጠርኩ። አንድ ቀን አህያ ስመልስ ዞር ብዬ ወደ ውስጥ አየሁና ገባኝ። ጎንበስ ይሉልህ ነበር።

ጥፋቱ ያንተው ጨዋነት ነው። አንድ አባት ፊት ቆመህ ቃል ሳትናገር ማንሳት አይሆንልህም። መጀመሪያ በካሜራዋ በታችኛዋ የማያ መስኮት አይተህ፣ ሁለት ሆኖ የሚታየውን ፊት ቀለበቱን እያዞርክ አንድ ታደርገዋለህ። ከዚያ ዓይንህን ለረጅሙ ሌንስ ተብላ ከካሜራዋ አናት ወደተሰካችው ሌላ መስኮት ከማዛወርህ በፊት ቀና ብለህ፣ በሉ እንግዲህ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ ትላለህ። ሰላምታ የተሰጠው ሰው ዝም ይላል እንዴ? እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይልልሃል። ፊቱ አንተ ከለካህበት ወደ ፊት ይመጣል፣ ጆሮው እዚያ ቦታ ይገባል። መስኮቶቹ ደግሞ በሌንሱ በኩል ስለማያሳዩ ለዓይንህ ሁሉም ጥሩ ነው፤ የምታውቀው ፊልሙ ሲታጠብ ነው።

ተው ሰላም አትበላቸው ብልህ እንቢ አልክ። ሽማግሌዎቹንም አትንቀሳቀሱ ብለህ አልተቆጣህም። በምትኩ እግርህን አስተማርከው። እግዜር ይስጥልኝ ትልና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለህ። እነሱ ወደ ፊት፣ አንተ ወደ ኋላ፣ ርቀቱ እንደተለካ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ የሽማግሌ ፎቶ ተበላሽቶብን አያውቅም። መንገድ ላይ የሚያይህ ሰው፣ አስማረ ሰው ሲያነሳ እንደሚጨፍር ሁሉ ወዲያ ወዲህ ይላል እያለ ይስቅብህ ነበር። እኔም ስቄብሃለሁ።

እኔ አንተን እንዴት እንዳነሳሁህ ደግሞ ታውቃለህ፣ ውጤቱን ግን ሳታይ ነው የሄድክ። ኩላሊትህ ከደከመ በኋላ ስንቴ ተነሣልኝ አልኩህ፤ የታመመ ሰው ምን ይነሳል ብለህ ዝም አሰኘኸኝ። ከጎንደር ሐኪም ቤት በተመለስክ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ተነሥተህ ጥቁር ኮትህን ለበስክ፣ ጋቢህን ደረብክ። ፎቶ ቤቱ ገብተህ ወንበሩ ላይ ተቀመጥክና «የሺ፣ ዛሬ እኔን አንሺኝ» አልከኝ።

ረጅሙን ሌንስ ካስቀመጥክበት የሱፍ ካልሲ ውስጥ አውጥቼ ገጠምኩት። ደጃፉ ላይ ቆምኩ፣ ያንተ ቦታ። ከኋላዬ አህያ የሚመልስልኝ አልነበረም፣ የገበያ ቀን ስላልሆነ ግን ጭር ብሏል። ፊትህ ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ቀለበቱን አዞርኩ፣ አንድ ሆንክ። ቀና አልኩና ልቀልድብህ፣ ልክ እንዳንተ ድምፄን አወፍሬ፣ «በሉ እንግዲህ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩህ። ከዚያ ዓይኔን ወደ ላይኛዋ መስኮት አዛወርኩና ተጫንኩ። ጥፍር በምታክለው መስኮት ውስጥ ደህና ነበርክ።

ፊልሙን ያጠብኩት አርባህ ካለፈ በኋላ ነው። መድኃኒቱ አርጅቷል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላረጀም። ፎቶው ግን ደብዝዟል። ዓይንህ የለም፣ አፍህ የለም። እትዬ ዘውዴ አዩትና ወንድሜ አቅም አጥቶ ወደ ፊት ወድቆ ነው አሉ፣ አለቀሱም። ትዕግሥት እጅሽ ተንቀጥቅጦ ይሆናል አለችኝ። እኔ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ወጥ ልሠራ ሄድኩ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ጠራቢው ሲጨቀጭቀኝ፣ ሌላ ያንተ ፎቶ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ካርቶኖችህን አወረድኩ። አንዱ የተበላሹት ናቸው። የሰው ፊት አይጣልም ብለህ ያስቀመጥካቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽማግሌዎች። አልጋው ላይ ዘረጋኋቸው። ጉም የገባባቸው ዓይኖች፣ ጥርት ያሉ ጆሮዎች። ያንተን ከመሳቢያው አወጣሁና መሃላቸው አስቀመጥኩት።

ጆሮህ ጥርት ብሏል አስማረ። የግራ ጆሮህ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ትታያለች። ከዚያ ዝቅ ብዬ ሳይ ቀኝ እጅህ ጋቢው ላይ አለ፣ ደረትህ ላይ፣ ጣቶችህ ገጥመው። ይህን ሁሉ ጊዜ ፊትህን ስፈልግ እጅህን አላየሁትም ነበር። የሚወድቅ ሰው ወንበሩን ይይዛል እንጂ እጁን ደረቱ ላይ አያደርግም።

ጎንበስ ብለህልኝ ነው።

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ጎንበስ ስትልልኝ አላየሁም። ባል ለሚስቱ ጎንበስ ይላል ብሎ ማን ይጠብቃል። አንተም ታመሰግነኝ የነበረው፣ ፊልሙ ደህና ታጥቧል በማለት ነበር። እኔ ስቀልድ አንተ የምርህን መለስክ። ያን ጊዜ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብል ኖሮ ዓይንህ ይወጣልኝ ነበር፤ ላንተም እንደዚያ እንደሚያስፈልግ ግን በምን ልወቅ?

ትዕግሥት ስትመጣ አልጋው ላይ እንደተዘረጋው አሳየኋት። ጆሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ጠቆምኳት፣ መጨረሻ ያንተን፣ ከዚያ እጅህን። እንግዲህ እሱን ላኪ አለችኝና ሳህን ልታጥብ ሄደች፤ ውሃው ሲፈስ ብዙ ቆየ።

እትዬ ዘውዴ ግን ከፍቷቸዋል። ፎቶ አንሺ ተብሎ መቃብሩ ላይ የደበዘዘ ፎቶ፣ አገር ይስቅብናል አሉኝ። ይሳቅ። ጎንበስ ካሉልህ ሰዎች ገና በሕይወት ያሉ አሉ፤ ከነሱ አንዱ መጥቶ ቢያይ ይገባዋል። ባይገባውም እኔ አለሁ። በመታወቂያው አፍንጫ ስር ለዘላለም ተቀመጥ ብዬ አልፈርድብህም።

ፎቶውን በካርቶን አሽጌዋለሁ፣ ሾፌሩንም አነጋግሬዋለሁ። አሁንም አላለቀስኩም፤ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፣ እየጠበቅኩትም አይደለም። ዛሬ ምሳ ላይ ግን አንድ ጎርሼ አቆምኩ። ወጡ ጨው በዝቶበታል። ታወቀኝ።

ካሜራህን አልሸጥም፤ ረጅሙ ሌንስ ካልሲው ውስጥ ነው፣ በክረምት ፀሐይ ስትወጣ እያወጣሁ አናፍሰዋለሁ። ሐውልቱ ሲቆምም እመጣለሁ፣ ለሙት ዓመትህ ብቻ ሳይሆን እግሬ እስከቻለ ድረስ። እንደሌሎቹ ድንጋዩን ልሳለም አልጠጋህም፤ ከደጃፍ እስከ ወንበር ባለው ርቀት ላይ እቆማለሁ። እግዜር ይስጥልኝ እልሃለሁ፤ ከዚያም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ።

ያንተዋ የሺ
ደባርቅ