የተዘጋው ክፍል መጨረሻ

ለምሳሳልህ ወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? ያ ወገብህ ዛሬም ያስቸግርሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሚጢጢዋ ልጅህ ትበላለች? የአክስታችን ጉልበት እንዴት ሆነላቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከሐዘናችን በቀር ደኅና ነኝ። የባለቤትህ ሞት ግን እስካሁን ከአንጀቴ አልወጣም። እዚህ ልብስ ንጽሕና ቤት ካውያ ይዤ ቆሜ እንባዬ ሸሚዙ ላይ ጠብ ሲል፣ አለቃችን ውኃ መርጫው እኮ አልተበላሸም ብላ ቀለደችብኝ። ሳቅኩላት፤ ምን ላድርግ?

በመንገደኛዋ የላክህልኝ ዕቃ ደርሶኛል። ከሹራቡ ሥር ልጅ ሳለን ያርበደበደችንን ያቺን መጽሐፍ ሳገኝ እልል ልል ነበር። ሚጢጢ እንዳታገኛት ብለህ ነው አይደል ወደኔ ያባረርካት? ሽፋኗ ላይ በተሣለው ጥላ አፍ ውስጥ በእርሳስ የጨመርክበት ጥርስ ዛሬም አለ። እኔ ገና ፊደል ሳልለይ አንተ ነበርክ የምታነብልኝ። ልጅቷ ከተዘጋው ክፍል ሲንኳኳ ስትሰማ አንተ የአልጋውን እንጨት ቋ ቋ ታደርጋለህ፤ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። ማንበብ ስችል ደግሞ ታስፈራሻለች ብለህ ደበቅካት። አይ አንተ!

ሰሞኑን በምሳ ሰዓት ከአንሶላው ክምር ጀርባ ተቀምጬ ጨረስኳት። አንተ ስታነብልኝ መጨረሻው ላይ በሩ ይከፈትና የልጅቷ እናት ቀሚሷን እያራገፈች ትወጣለች፤ ልጇንም ታቅፋለች። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በሩ ሲከፈት ክፍሉ ባዶ ነው። አባትየው ልጅቷን አስቀምጦ እናትሽ ሞታለች ይላታል። አብረው ያለቅሳሉ፣ ማንኳኳቱም ይቆማል። በቃ፣ ያ ነው መጨረሻው።

ያኔ እማዬ ሞታ፣ ለእኔ ግን ሕክምና ሄዳለች ተብሎ ነበር። አንተም ልጅ ነበርክ፤ እንዳላዝን ብለህ ከራስህ ፈጠርክልኝ። አልቀየምኩህም፣ እንዲያውም አንጀቴን በላኸው። ግን እኮ ወንድሜ፣ እኔ ያንን መጨረሻ አምኜ ነው ያደግኩት። በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ መጣች ብዬ እሮጥ ነበር። ወይ ወተት ሻጯ ትሆናለች፣ ወይ ጎረቤት። መርዶዋን ማንም አስቀምጦ አልነገረኝም፤ የሰፈር ልጆች ሲጣሉኝ እናት የሌላት ብለው ሰደቡኝና አወቅኩ። ሮጬ ቤት ስገባ እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ ነበር። ብቻዬን አለቀስኩ፤ ብቻን ያለቀሱት ሐዘን ደግሞ አይወጣም።

አሁን አንተም ለሚጢጢ እናትሽ ሕክምና ሄዳለች እንዳልካት ጽፈህልኛል። በር በሩን እያየች መዋል ጀምራለች አልክ። እኔም በስልክ ትመጣለች እንድላት ለመንከኝ። አልችልም ወንድምዓለም። ሌላ ምንም ብትለኝ እሺ እላለሁ፣ ይህን ግን አፌ አይለውም። ከሰው አፍ ሳትሰማው በፊት ካንተ ትስማው።

የአክስታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንን፣ ያን ነገረኛ፣ እንደምን ነህ በልልኝ። ቀጥሎ እንደለመድኩት ለባለቤትህ ሰላምታ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ሚጢጢን ግራ ቀኝ ጉንጯን ስማትና ንገራት። ስትነግራት እንባህን አትደብቃት፤ አብረሃት አልቅስ።

እህትህ
ከልብስ ንጽሕና ቤቱ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን