በባጃጅ የሚዞረው ድምፅህ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት ማሾ ስድስት ኩንታል ገባ። አራቱ ተጫነ፤ ሁለቱ እርጥበት ስላለው ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሽንኩርት አልነካሁም።

ሰዒዴ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። የመጋዘኑን ቆርቆሮ ቀይረነዋል፤ ዘንድሮ ዝናብ ሲመጣ ኬሻ ይዘን አንራወጥም። ልጃችን ሐያት ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ቅንድቧ ቁርጥ ያንተ ነው። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ተናድጃለሁ፤ ለሌላ ሰው ብናገረው ደግሞ የፖለቲካ ወሬ ያደርጉብኛል።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ድምፅህ በባጃጅ ከተማውን ይዞራል። ሚዛን ላይ ቆሜ ሳለ ከበስተኋላዬ መጣ፦ «እኔ ለዚች አገር ደሜን አፍስሻለሁ። ዛሬም ቢጠሩኝ እሄዳለሁ!» አቤት ልልህ ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ሙዚቃ ተከተለ፣ ከዚያ ያ የቀድሞ የጦር ጓድህ ስም፤ ለምርጫው ይወዳደራል።

ያን ድምፅ የት እንደቀዳኸው እኔና አንተ እናውቃለን። ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ ደብረ ሲና ሽንኩርት ልታራግፍ ወጥተህ ነበር። ልጃችን ከድር ሊዘምት እንደተነሣ ስነግርህ ድምፅህን ቀድተህ በስልክ ላክህለት። ቀጥሎ ያለው ግን ባጃጁ ላይ የለም፦ «አንተ ግን አትሂድ፣ ልጄ። የኔ ይበቃል። እናትህን ይዘህ ቁጭ በል፣ አደራ።»

የሰደቃህ ቀን ሰው ዱዓ እንዲያደርግልህ ከድር ሙሉውን አሰማ። ጓድህም ጫማውን አውልቆ ከፊት ተቀምጦ ነበር። እንባውን እየጠረገ ማስታወሻ ይሁነኝ ብሎ ወደ ስልኩ አስላከ። ማስታወሻው ይኸው።

ከድር ቃልህን ጠብቆ ቀረ። አሁን በገዛ አባቱ ድምፅ ይሰደባል። ትናንት ባጃጁ በሱቃችን ሲያልፍ አንዱ ጫኝ፣ «ኧረ ከድር፣ አባትህ ይጠራሃል! አንተ ማሾ ትሰፍራለህ!» አለው። ሁሉም ሳቁ። ልጅህ መጋዘን ገብቶ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት አልወጣም። ማታም እህል አልቀመሰም።

ተነሥቼ የምርጫ ቅስቀሳ ድንኳናቸው ሄድኩ። ማጉያውን የያዘው ወጣት፣ «እትዬ ዘይነብ፣ ምን ያስቆጣዎታል? ክብር እኮ ነው! የማን ባል ነው ሞቶ እንዲህ የሚሰማ?» አለኝ። እኔ ማሾ ስገዛ ከኬሻው አፍ ዘግኜ ብቻ አልከፍልም፣ እስከ ታች አስዘረግፋለሁ፤ እናንተ ግን የሰውየዬን ቃል ከላይ ዘግናችሁ ሸጣችሁ አልኩት። ጓድህ ራሱ ወጣና እጄን ያዘ። «የሰዒድ ድምፅ የሕዝብ ነው፣ እህቴ» አለኝ። የሐሙሱ የምርጫ ሰልፍ ላይ ከፊት ወንበር ሊያስቀምጠኝ!

እሱም ዘምቷል፣ አልነፍገውም። የዋለበትን ይናገር፣ ቁስሉን ያሳይ፣ የራሱ ጉሮሮ አለው። አንተ ግን ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ስለ ጦርነት አፍህን የከፈትከው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ልጅህን ለማስቀረት። ጓድህ ያንኑ ቆርጦ የሌላ ሰው ልጅ መጥሪያ አደረገው። ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ምርጫ ጽሕፈት ቤትም ሄጃለሁ። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ተራ ጠብቂ አሉኝ። አስገብቻለሁ። ሰልፉ ግን ተራ አይጠብቅም።

ጩኸት እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ለነገው አፉ በለኝ። ከድርን እሺ እስኪለኝ ለመንኩት፤ «እማ፣ አንድ ቃል እንዳይጎድል» ብቻ ነው ያለኝ። አይጎድልም። እኔ በሕይወት እስካለሁ የተናገርከውን እስከ መጨረሻው አስታውሳለሁ፣ ለልጅ ልጅህም እንዲሁ እነግራታለሁ።

ነገ፦ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከሠርግ ዕቃ አከራዩ ማጉያ መውሰድ። ባጃጅ ለሙሉ ቀን መከራየት። ከመናኸሪያው እስከ ሽንኩርት ተራ፣ ድምፅህን እስከ «አደራ» ድረስ ሙሉውን ማሰማት። ከድር ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል።