በቀቀንህ ጌጤ የሞተችበት ሳምንት

ለታዴዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አንተ ያለህበትን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ያለሁበትን ግን ልንገርህ። ተዝካርህን ካወጣን ወዲህ አንድም ቀን ብዕር አንስቼልህ አላውቅም። መቃብርህ ጋ ስመጣም ሁልጊዜ ከሰው ጋር ስለምሆን የልቤን ሳላወራህ ነው የምመለሰው። ዛሬ የምጽፍልህ ጌጤ ስለሞተች ነው። የገደልኳት እኔ ነኝ። እናትህም ከእጄ የተረፉት ለጥቂት ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እናትህ እማሆይ ከራቤል መጥተው ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት አለፋቸው። ዳዊታቸውን በጉያቸው ይዘው፣ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶብስ እየቀያየሩ ዓለም ከተማ ሲደርሱ እግራቸው አብጦ ነበር። «ልጄ በሠራው ቤት ልሙት ብዬ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ጓዳውን ለቀቅኩላቸውና እኔ ሳሎን አልጋ ዘረጋሁ። ከመዶሻህና ከመጋዝህ በቀር ዕቃህን ለማንም አልሰጠሁም።

ጌጤንም አልሰጠሁም፤ የጠየቀኝ ግን ብዙ ነበር። ያመጣሃትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጀማ በረሃ ወርደህ የሰው ቤት ጣራ ስትመታ ሰንብተህ፣ ለማገር ብለው የቆረጡት አሮጌ ሾላ ውስጥ አገኘኋት ብለህ፣ ሰጋቱራ ከሞላው ኪስህ አወጣሃት። ላባ እንኳ አላወጣችም፤ ዓይኗ ያልተገለጠ ቀይ ሥጋ። «ጥሩዬ፣ ሕፃን አመጣሁልሽ» አልከኝ። ከዚያ የተናገርከው ገባህና ፊትህ ተለዋወጠ። እኔ ግን አልከፋኝም ነበር ታዴ። አሥራ አንድ ዓመት ያላገኘነውን ነገር በቀልድ ስትጠራው ሰምቼ ሳቄ መጣ። የተቀቀለ በቆሎ እያላመጥኩ በጣቴ አጎረስኳት። ጭንቅላቷ ቢጫ፣ ክንፏ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ጌጤ አልናት።

ከቃል ሁሉ የያዘችው አንተ እኔን የምትጠራበትን «ጥሩ» ብቻ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደኅና ነው ያለችው ይመስለውና ይስቅ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራትህ ግን ሌላም ነገር ይዛብሃለች። በለቅሶህ በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከጓዳ ሳልህ ተሰማ። ሁለቱ አጭር፣ ሦስተኛው ረጅም፣ ከዚያ ጉሮሮህን ስትጠርግ። ሴቶቹ እሪ አሉ። ሮጬ ስገባ ጌጤ መቆሚያ እንጨቷ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

እማሆይ እንደመጡ ሰሞን ይህን መስማት አልቻሉም። ሳሉ በመጣ ቁጥር ዳዊታቸውን አጥፈው ወደ ውጭ ይወጡ ነበር። አንድ ቀን «ይቺን ወፍ ልቀቂያት» አሉኝ። መብረር አትችልም ብዬ እምቢ አልኳቸው። እየቆየ ግን ለመዷት። ኋላ ኋላ ጎጆዋን ራሳቸው ያጸዱላት ጀመር፤ ስታስል «እግዜር ይማርህ» ይሏታል፤ ይማርሽ አይሉም። እኔም አላረምኳቸው።

አሁን ወደ ሆነው ነገር ልምጣ። በሐምሌ ንፋስ የእህል ማስቀመጫችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጣለው። አንተ ብትኖር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሁለት አናጺ ለመንኩ፤ ነገ ነገ እያሉኝ ወሩ አለቀ። ዝናቡ እህሉን ሳይጨርስብኝ ብዬ ስንዴውንና ማሽላውን በየጆንያው አድርጌ ጓዳ አስገባሁና እማሆይ አልጋ ግርጌ ደረደርኩት። ስፈታው ነቀዝ ገብቶበታል። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ የነቀዝ ኪኒን ገዛሁ። አንተ ያንን ኪኒን የምትጨምር ቀን ሁልጊዜ ከግቢ ታስወጣኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም፤ የወንድ ሥራ ነው ብለህ የምትኮራ ይመስለኝ ነበር። ሻጩ ሰው ከሚተኛበት ቤት እንዳታስቀምጪ ብሎኝ ይሆናል። ገበያው ጫጫታ ነበር። አልሰማሁትም፣ ወይም ሰምቼ ረሳሁት። ይህን ስንት ቀን እንዳሰብኩት አትጠይቀኝ።

በየጆንያው ጨምሬ አፉን አሰርኩ። በማግስቱ እማሆይ «ነጭ ሽንኩርት የበሰበሰ ይሸተኛል» አሉ። የክረምት እርጥበት ነው አልኳቸው። በዚያው ቀን ጌጤ ደጋግማ ታስል ጀመር። ሁለታችንም ያንተን ሳል የምትስል መስሎን አልተነሳንም። እማሆይ እንዲያውም ከዳዊታቸው ቀና ብለው «ዛሬስ ልጄ አበዛው» አሉ። ከሰዓት በኋላ ከእንጨቷ ወደቀች። ክንፏን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ጅራቷ በትንፋሿ ልክ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ያ ሳል የራሷ ነበር፤ ያንተ አልነበረም።

በነጠላ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ አደረግኳትና በዝናቡ ሮጥኩ። ከገበያው በታች ዶክተር ይርጋ የሚባል ልጅ እግር ሐኪም የእንስሳት ማከሚያ ከፍቷል፤ አንተ አታውቀውም። በሩ ላይ በሬ የያዘ፣ ጀርባዋ የተላጠ አህያ የያዘ ሰው ተሰልፏል። በግ የታቀፈ አንድ ሰውዬ ቅርጫቴን ገልጦ አየና «ወፍ ልታሳክሚ?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ሐኪሙ አልሳቀም። በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረቷን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ የማክመው በሬና በግ ነው። ከዶሮ ሌላ ወፍ ይዤ አላውቅም» አለኝ። የበላችውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ቤት ውስጥ ጭስ ወይም መድኃኒት ነገር አለ?» አለኝ። የለም አልኩ። እኔ መድኃኒት ሲል የታየኝ የሰው መድኃኒት ነው፤ ኪኒኑ በአእምሮዬም አልመጣ። ብርድ ሊሆን ይችላል ብሎ የዶሮ መድኃኒት በውኃ እንድበጠብጥላት ሰጠኝ። ሙቀት እንዳይለያት፣ ነገ ካልተሻላት እንድመልሳት ነገረኝ።

የነገረኝን በትጋት አደረግኩ። የጓዳውን መስኮት ዘጋሁ። የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ወተፍኩ። ንፋስ እንዳያገኛት ብዬ ጎጆዋን በጆንያዎቹ መሀል አስቀመጥኩ። እማሆይም «እኔ አያታለሁ፣ ሂጂ ተኚ» አሉኝ። ጠዋት ስነሳ ሲያስመልሳቸው አድሯል። ፍልሰታ ነው፤ ከሰዓት በፊት ምንም አይቀምሱም፤ ጾሙ ነው ብዬ ተውኩት። «ራሴን ያዞረኛል፣ ትንሽ ልተኛ» ብለው ተጋደሙ። ደግሞ እንዳይበርዳቸው ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። በእጄ ነው የዘጋሁት።

ጌጤን ይዤ ስደርስ ሐኪሙ ገና በሩን መክፈቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስተኛትና መርፌ ማዘጋጀት ጀመረ። እኔ እንዲያው ለወሬ ያህል «ቤታችን ሁሉ በሽተኛ ሆኗል፤ አማቴም ሲያስመልሳቸው አደረ፣ እኔንም ራሴን ይወቅረኛል» አልኩ። መርፌውን እንደያዘ ቀጥ አለ።

«ቤት ውስጥ እህል አለ?»

«አለ።»

«ምን አድርገሽበታል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። «ኪኒን» አልኩት።

«አማትሽ የት ናቸው?»

«ተኝተዋል። በሩን ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

«ደውዪ! ኪኒኑ መርዛም ጋዝ ነው የሚያወጣው! አሁኑኑ ያውጧቸው!» ብሎ ጮኸብኝ። እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ጎረቤታችን ሐዋ በሦስተኛው ጥሪ አነሳች። «እማሆይን አውጪልኝ፣ መስኮቱን ስበሪው፣ ገብተሽ እንዳትቆዪ» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ሱቋን ሳትዘጋ፣ የምትለካውን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ጥላ ነው የሮጠችው። የሚሮጥ እግሯን በስልኩ ውስጥ እሰማ ነበር። ከዚያ መስታወት ሲሰበር፣ ከዚያ የሐዋን ጩኸት፣ ከዚያ «አሉ፣ ይተነፍሳሉ» ስትል ሰማሁ።

ወደ ጠረጴዛው ስዞር ሐኪሙ እጁን ጌጤ ላይ ጭኖ ቆሟል። «አልፋለች» አለኝ። መቼ እንዳለፈች እሱም አላየም፤ ሁለታችንም ስልኩን ነበር የምናየው። በእጄ ማጉረስ ከጀመርኩ ወዲህ ብቻዋን ትቻት የማላውቃት ጌጤ ሞቷን ብቻዋን ሞተች። እዚያው ትቻት ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

እማሆይን ሐዋ በባጃጅ አድርሳቸው ነበር። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። አፍና አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ገጥመውላቸዋል። ቆባቸው ወልቆ ሽበታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሐኪሟ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እንደማይነሱ ነገረችኝ። ሐዋም ራሷን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስትገባ እማሆይ ከአልጋ ወርደው ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነው ያገኘቻቸው፤ በብብታቸው ይዛ ጎትታ አወጣቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ኦክስጅኑ ሲነሳላቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ኪኒኑን እኔ እንደጨመርኩ፣ መስኮቱን እኔ እንደዘጋሁ፣ ጌጤ እንደሞተች። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄም ሲያስል እንዲሁ ሰምተሽ ተቀመጥሽ» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ ነበረ፤ ሰው ሁሉ ሰማ። አምስት ወር ስታስል ሰምቼሃለሁ። «ሰጋቱራው ነው» ስትለኝ አመንኩህ፤ ማመኑ ስለሚቀለኝ አመንኩህ። ሆስፒታል ስንሄድ ነገሩ አልቆ ነበር። ይህን ለአንተ በሕይወትህ ሳለህ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ታዴ፣ ይቅር በለኝ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ቤቴ አልገባም አሉ። ሐዋ ወሰደቻቸው። ለጾማቸው ብላ ማንም ያልነካው አዲስ ድስት ገዝታ፣ ከራሷ ልጆች ማዕድ ለይታ አበላቻቸው። እኔ በየጠዋቱ እየሄድኩ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ዶክተር ይርጋ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ጆንያዎቹን አስወጣ፤ ጌጤንም በካርቶን አድርጎ አምጥቶልኝ ነበር። በግ ታቅፎ የሳቀብኝ ሰውዬ አብሮት መጥቶ ጉድጓዷን ቆፈረልኝ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር ጠፋ። «ጥሩ» የሚለኝ የለም። ሬዲዮ ከፍቼ ለመተኛት ሞከርኩ፤ አልሆነም።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት እማሆይ በትራቸውን ይዘው ብቻቸውን መጡ። በሩ ላይ ቆመው ባዶውን ጎጆ አዩት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «እኔም እኮ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «በስልክ ሲያወራኝ ያስል ነበር። ምን ሆነሃል ስለው ‹ደኅና ነኝ እማዬ› አለኝ። አመንኩት። ላንቺ ያልኩት ለራሴ ነው።» ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ አሉና ሁለታችንም ተላቀስን። ላንተ በለቅሶህ ቀን ያላለቀስነውን ነው ያለቀስነው።

አሁን እማሆይ ጓዳ አይተኙም፤ አልጋቸውን ሳሎን ከእኔ አልጋ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ሐኪሞቹ ልባቸው ደክሟል ብለውናል። ደረጃ ሲወጡ ይቆማሉ፤ እኔም አብሬ እቆማለሁ። ወደ ራቤል ልውሰድዎት ስላቸው እምቢ ብለዋል።

ታዴዬ፣ ስምህን በጸሎት ማስጠራቱን፣ መቃብርህን መጎብኘቱን አላቋርጥም። ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል ልግባልህ። በዚህ ቤት ያለ ሰው ደኅና ነኝ ቢለኝ፣ ባንተ የሆነውን እያሰብኩ፣ በዓይኔ አይቼ በእጄ ዳስሼ ካልሆነ አላምንም። ነገ ጠዋት የእማሆይ የሆስፒታል ቀጠሮ ነው። ተሽሎኛል፣ አልሄድም እያሉ ነው። ጫማቸውን ወልውዬ ከአልጋቸው ሥር አስቀምጫለሁ፤ ባለባጃጁንም ነግሬዋለሁ።

ያንተው ጥሩወርቅ